ከጅማ በጅዳ ወደ ፍራንክፈርት፦ የሕፃኗ ኩፍኝ፣ የእናትዎ ስኳርና የቢጫ ካርዱ 10 ቀን

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ጅማ ነው። ፍራንክፈርት ያለች እህቴ እናታችንን ለሁለት ወር ጋብዛታለች። እግረ መንገዳችንን ዑምራ እናድርግ ብለን በጅዳ በኩል፣ የካቲት 5 ቀን 2018 የሚነሳ ትኬት እያየን ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ 31 ዓመቴ ነው፣ አጠባለሁ። ልጄ 9 ወሯን ደፍናለች፤ ጥር 1 የኩፍኝ ክትባት ተወግታለች። ምን ምን ክትባት ያስፈልገናል? ለጀርመን ቪዛ የሚሆን ርካሽ ኢንሹራንስስ የቱ ነው? አንድ ሰው ‹የስኳሩን ነገር ባትጽፉት ይረክስላችኋል› ብሎኛል። ልተወው?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ አይተዉት፣ ይጻፉት። ምክንያቱን ኢንሹራንሱ ጋ ስደርስ እዘረዝረዋለሁ። ከእሱ በፊት የሚያስቸኩል ነገር አለ፤ የየካቲት 5ቱን ትኬት አይቁረጡ። ለእርስዎና ለእናትዎ ይደርሳል፣ ለልጅዎ ግን አይደርስም።

ሳውዲ አረቢያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች የሚመጣን መንገደኛ ሁሉ፣ ዕድሜው 9 ወር ከሞላ ጀምሮ፣ የክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ኢትዮጵያ ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። ልጅዎ ደግሞ 9 ወር ሞልቷታል። ችግሩ የኩፍኝም የቢጫ ወባም ክትባት የሚሠሩት ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ መሆኑ ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት የመርፌ ክትባቶች በአንድ ቀን በተለያየ ቦታ መወጋት ይችላሉ፤ በአንድ ቀን ካልተወጉ ግን ቢያንስ 4 ሳምንት መራራቅ አለባቸው። ምክንያቱም የመጀመሪያው የቀሰቀሰው የሰውነት መከላከያ ሁለተኛውን ሥራውን ሳይጀምር ሊያዳክመው ይችላል። ቶሎ ብትወጋ ካርዱ ላይ ምንም አይታይም፣ ጅዳ ላይም ያልፋል፤ ልጅቷ ግን ተከትባለች እየተባለ ያልተከተበች ልትሆን ትችላለች።

እንግዲህ ይቁጠሩ። ኩፍኙ ጥር 1 ነው። 28 ቀን ሲጨመርበት ጥር 29 ይሆናል፤ ቢጫ ወባውን የምትወጋው በዚያ ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ካርዱ በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት መሥራት የሚጀምረው ከመርፌው 10 ቀን በኋላ ስለሆነ የካቲት 9 ላይ ይደርሳል። ከዚያ ቀን በፊት ጅዳ የገባች ሕፃን ካርድ እንደሌላት ትቆጠራለች። እኔ ብሆን ትኬቱን ከየካቲት 12 በፊት አላደርገውም፤ ጥር 29 ማዕከሉ ሄዳችሁ ክትባቱ አልቆ ቢጠብቃችሁ ሁለትና ሦስት ቀን መተንፈሻ ያስፈልጋችኋል።

ቀኑን መግፋት ካልቻላችሁ ሌላ መንገድ አለ። ጀርመን ከኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ካርድ አትጠይቅም። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ በርራችሁ ዑምራውን በመልስ ብታደርጉት ያን ጊዜ የልጅቷ ካርድ ከደረሰ ቆይቷል። ያም ሆኖ መርፌውን ከመነሳታችሁ በፊት እዚሁ ብትወጋ ይሻላል።

አሁን ወደ ካርዱ። ማንኛውም ክሊኒክ ቢጫ ወባ ሊወጋ ይችል ይሆናል፤ ዓለም አቀፉን ቢጫ ካርድ ሞልቶ ማኅተም የሚያደርገው ግን ለዚህ የተፈቀደለት ማዕከል ብቻ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ዛሬውኑ ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ክትባቱ በእጃችሁ አለ ወይ? ዓለም አቀፉ ካርድና የማዕከሉ ማኅተም አብሮ አለ ወይ? ብልቃጥ የምትከፍቱት በየትኛው ቀን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ክትባቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለ10 ሰው በሚሆን ብልቃጥ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ይጣላል። ስለዚህ ማዕከሎች ሰው ሰብስበው በተወሰነ ቀን ይከፍቱታል። ያን ቀን ሳያውቁ መሄድ ደጅ መጥናት ነው፤ በተለይ መልሱ «አዲስ አበባ ሂዱ» ከሆነና ከእናትዎና ከሕፃን ጋር 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትጓዙ ከሆነ። በፌስታል ይዞ ለመሄድ ከፋርማሲ መግዛትም አይታሰብም፤ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተጠበቀ ይበላሻል።

ካርዱን ሲቀበሉ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው ያንብቡት። የእያንዳንዱ ሰው ካርድ ለብቻው ነው፤ ሕፃኗም የራሷ ይኖራታል፣ እርስዎ ይፈርሙላታል። የተከተበበት ቀን፣ የአምራቹ ስምና የባች ቁጥሩ፣ የባለሙያው የእጅ ፊርማና የማዕከሉ ማኅተም ሁሉም መኖር አለባቸው። የሚሞላው በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ነው። ስርዝ ድልዝ ካለበት ካርዱ ዋጋ ያጣል፤ ስለዚህ ሲሳሳቱ አርመው ሳይሆን በአዲስ ካርድ ይጻፉላችሁ። እናትዎ ስለማይፈርሙ የጣት አሻራቸውን ያሳርፋሉ፤ ከጎኑ ሌላ ሰው «ይህ የእሳቸው ምልክት ነው» ብሎ ይጽፋል። ደንቡ ይህንን በግልጽ ይፈቅዳል፤ ማንም እሳቸውን ወክሎ መፈረም የለበትም። ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል በፊደል መግጠም አለበት፤ ፓስፖርቱ ላይ «ፋጡማ» የሆነው ካርዱ ላይ «ፋጢማ» ሆኖ ሲገኝ ነው ሰው ወደ ጎን የሚወጣው።

ከሁሉም በላይ ቀኑን ይዩት። ቀን በቁጥር፣ ወር በፊደል፣ ዓመት በቁጥር መሆን አለበት፤ የዘመን አቆጣጠሩም የአውሮፓ። ጥር 29 ቀን 2018 ማለት 6 ፌብሩዋሪ 2026 ነው። አንድ ነርስ በልማድ 29/5/2018 ብላ ብትጽፍ የጅዳው ሠራተኛ የሚያነበው ሜይ 29 ቀን 2018 ብሎ ነው። ልጅዎ ያን ጊዜ አልተወለደችም። ካርዱ ሐሰተኛ ነው ለማለት ከዚህ በላይ አያስፈልገውም። የሚያበቃበት ቀን በሚለው ቦታ «ዕድሜ ልክ» ተብሎ ይጻፍ፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 11 ቀን 2016 ጀምሮ አንድ ሙሉ መጠን ለዕድሜ ልክ ይበቃል፤ የድሮው የ10 ዓመት ገደብ ቀርቷል። ክትባት ሲያጥር በዘመቻ የሚሰጠው የመጠኑ አንድ አምስተኛ ግን ለዓለም አቀፉ ካርድ አይቆጠርም።

እናትዎን በተመለከተ፣ ስኳርና ደም ግፊት ቢጫ ወባ ለመከተብ እንቅፋት አይደሉም። ሐኪሙ ሊያመዛዝነው የሚገባው ዕድሜያቸውን ነው። ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ሰው በጣም አልፎ አልፎ የሚደርስ ከባድ ጉዳት ሊገጥመው ይችላል፤ በስልሳዎቹ ላሉ ሰዎች ከ100,000 ወደ አንድ ገደማ የሚጠጋ ነው። ይህ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 8 ቀናት ገደማ ነው፦ የማይበርድ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር። ከእነዚህ አንዱ ካለ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማደር ሳይሆን ሆስፒታል ነው። ቀለል ያለ ራስ ምታትና የሰውነት መሰባበር ግን የተለመደ ነው። ለዚህ ነው በጉዞው ዋዜማ የማይወጉት፤ እነዚያ ቀናት ቤታቸው ቢያልፉ ይሻላል።

ሐኪሙ ፊት ሳይጠየቁ መናገር ያለባችሁ ነገር አለ፦ እንቁላል ክፉኛ ይቆጣቸዋል ወይ? ፕሬድኒሶሎን (የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት) ወይም የካንሰር መድኃኒት እየወሰዱ ነው ወይስ በቅርቡ ወስደዋል? የታይመስ ዕጢ ችግር ወይም መከላከያ የሚያዳክም በሽታ አለ ወይ? አዎ ከሆነ ሐኪሙ አመዛዝኖ መርፌው ይቅር ካለ ምክንያቱን ጽፎ፣ ቀን አስፍሮና ፈርሞ በእንግሊዝኛ የማይከተቡበት ማስረጃ ይሰጣል። መቀበልና አለመቀበል የተቀባዩ አገር ነው፤ ስለዚህ ከመብረር በፊት የሳውዲ ቆንስላን ወይም ቪዛውን የሚያስፈጽመውን ድርጅት ይጠይቁ። ምክንያት ከሌለ ግን ቢከተቡ ይሻላል ባይ ነኝ፤ የሚጠቅማቸው ለማኅተም ብቻ አይደለም። እናትዎ ገና ሕፃን ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን የመታው ቢጫ ወባ ወደ 30,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል። በሽታው እ.ኤ.አ. በ2018 ወላይታ ውስጥ፣ በ2020 ደግሞ ጉራጌ ዞን ውስጥ ተነስቷል። የጅማ ሰው ይህ በሽታ ጎረቤቱ ነው።

እርስዎ ያጠባሉ፤ ልጅቷ 9 ወር ስለሞላት ይህ አያግድዎትም። እርጉዝ ልሆን እችላለሁ ብለው ካሰቡ ግን ከመርፌው በፊት ይንገሯቸው።

ለዑምራ ሁለተኛው ግዴታ የማጅራት ገትር ክትባት ነው፤ ኤሲዋይደብልዩ የሚባለው አራቱን ዓይነት የሚከላከል። ዕድሜው አንድ ዓመት የሞላው ሁሉ ይጠየቃል፣ ስለዚህ ልጅዎ ነፃ ናት። ከመድረሳችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወጋት አለበት። ኮንጁጌት የሚባለው ዓይነት 5 ዓመት ያገለግላል፣ ፖሊሳካራይዱ 3 ዓመት፤ ካርዱ ላይ ዓይነቱ ካልተጻፈ በ3 ዓመቱ ነው የሚቆጥሩት፣ ስለዚህ ያስጽፉት። ከዓመታት በፊት ኤ የሚባለውን ዓይነት ብቻ የሚከላከለውን በዘመቻ ተወግታችሁ ከሆነ ለዚህ አያገለግልም። ከቢጫ ወባው ጋር በአንድ ቀን መወጋት ይቻላል፤ ለእርስዎና ለእናትዎ ሁለቱንም በአንድ መንገድ ይጨርሱ። ከሐጅ ወቅት ውጭ በየቦታው ላይገኝ ስለሚችል ቀድመው ያጠያይቁ።

ፖሊዮ ለብቻው ይታያል። የሳውዲ ጤና ሚኒስቴር ቫይረሱ የሚዘዋወርባቸውን አገሮች ዝርዝር ያወጣል፤ ዝርዝሩ ይለዋወጣል። አገራችን የምትገኝበት ከሆነ የፖሊዮ ክትባቱ ከመድረሳችሁ ቢያንስ 4 ሳምንት በፊት፣ ግን ከ12 ወር ወዲህ መወሰድ አለበት። ለየካቲት 12 ማለት እስከ ጥር 14 ነው፤ ስለዚህ ቪዛውን የሚያስፈጽመውን ድርጅት በመጀመሪያው ስልክ የሚጠይቁት ይህን ይሁን። ጠብታው ከኩፍኙም ከቢጫ ወባውም ጋር መራራቅ አያስፈልገውም። ልጅዎ በ14 ሳምንቷ የወሰደችው 12 ወር ገና ስላልሞላው ከጤና ጣቢያው ካርድ ወደ ዓለም አቀፉ ካርድ እንዲገለብጡላት ይጠይቁ። የጤና ጣቢያው ካርድ ብቻውን ድንበር ላይ አያገለግልም፤ ቢሆንም ይያዙት።

ኢንሹራንሱ ጋ ደረስን። በሼንገን (ጀርመንን ጨምሮ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) የቪዛ ሕግ፣ ቁጥር 810/2009፣ አንቀጽ 15፣ የጉዞ መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን፣ በሁሉም የሼንገን አገሮች መሥራትና የቆይታውን ቀን በሙሉ መያዝ አለበት፤ ድንገተኛ ሕክምናን፣ የሆስፒታል ወጪን፣ በሕመም ወደ አገር መመለስንና የአስከሬን መመለስን ጭምር። ኤምባሲው የሚያመሳክረው እነዚህን ነው። እናትዎ ስኳር እንዳለባቸው መጻፉን አያጣራም፤ ርካሹ ወረቀትም ቪዛ የሚያስገኘው ለዚህ ነው።

ቪዛ የሚያስገኝ መድን ሁሉ ግን እናትዎ ሲታመሙ አይከፍልም። እንዲህ ያስቡት፤ ፍራንክፈርት ላይ ስኳራቸው ወርዶ ወይም ስትሮክ መትቷቸው ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄው «ነባር በሽታ አለባቸው?» ነው፤ እህትዎ «ስኳር፣ ከዚህን ያህል ዓመት ጀምሮ» ትላለች፤ ይጻፋል። ካሳ ስትጠይቁ መድን ሰጪው በመጀመሪያ የሚያስመጣው ያንን የሐኪም ሪፖርት ነው። ከውሉ ማመልከቻ ጋር ያስተያየዋል፤ «ነባር ሕመም የለም» የሚለውን ያገኛል። አረቦኑን (ለመድኑ የምትከፍሉትን ዋጋ) የሚወስነው ነገር ሆን ተብሎ ከተደበቀ በእኛም የንግድ ሕግ ውሉ ይፈርሳል፤ የከፈላችሁት አረቦንም አያድናችሁም። እህትዎ ደግሞ ለግብዣው ጀርመን ውስጥ የግዴታ መግለጫ ፈርማ ከሆነ የእናታችሁን የሕክምና ወጪ ጭምር ለመሸፈን ቃል ገብታለች ማለት ነው። ስኳሩን መደበቅ ያን ዕዳ ወደ እሷ ማዞር ነው።

ስለዚህ ውሉ ላይ ከዋጋው በፊት ነባር ሕመም የሚለውን አንቀጽ ያንብቡ። አንዳንዱ ውል ከነባር ሕመም ጋር የተያያዘን ሁሉ ያስቀራል፤ ስኳሩ ቢጻፍም ለስኳር አይከፍልም። ሌላው ነባሩ ሕመም በድንገት ሲብስ ሕይወት ለማዳን የሚደረገውን እስከ ተወሰነ መጠን ይሸፍናል። ለእናትዎ የሚሆነው ይህ ሁለተኛው ነው፤ አረቦኑ ቢጨምርም ይክፈሉት። የዕድሜ ጣሪያውንም ይዩ፤ 65 ወይም 70 ላይ የሚያቆሙ ወይም ዋጋ የሚያጥፉ አሉ። ተቀናሹ፣ ማለትም ከወጪው እናንተ ራሳችሁ የምትሸፍኑት፣ ስንት ነው? ሆስፒታሉን በቀጥታ ይከፍላሉ ወይስ እናንተ ከፍላችሁ በኋላ ይመልሳሉ? ቪዛ ቢከለከል አረቦኑ ይመለሳል? የመጨረሻውን በጽሑፍ ይቀበሉ። ቀኖቹን ሲሞሉ ፍራንክፈርት ከምትገቡበት ቀን ጀምሮ ቆይታችሁንና ተጨማሪ 15 ቀን ያስይዙ፤ በረራ ቢቀየር ወይም ሕመም ቢያቆያችሁ ክፍተት እንዳይኖር።

መግዣው ሁለት ቦታ ነው። ጅማ ቅርንጫፍ ያላቸው የአገራችን መድን ድርጅቶች የጉዞ መድን ይሸጣሉ፤ ቪዛ ሕጉ በመጀመሪያ የሚፈልገው ከምትኖሩበት አገር እንድትገዙ ነው። በሌላ ሰው ስም የሚገዛንም አይከለክልም፤ እህትዎ ጀርመን ውስጥ ለእንግዳ የሚሆነውን መድን በእናትዎ ስም መግዛት ትችላለች። ለእርስዎና ለሕፃኗ የአገር ውስጡ ይበቃል ብዬ አስባለሁ። ለእናትዎ ግን እህትዎ የምትገዛውን እመርጣለሁ፤ ሆስፒታሉም መድን ሰጪውም በአንድ አገር በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ፣ የሚከራከርላቸው ሰውም እዚያው አለ። ያም ቢሆን አስቀድሞ የታወቀ ሕክምናን አይሸፍንም። እግረ መንገዳቸውን ዓይናቸውን ወይም ስኳራቸውን ጀርመን ይታዩ የሚል ሐሳብ ካለ ከኪስ ነው።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ካርዳችሁ ከድንበር አያልፍም። የዑምራ ቪዛው የራሱ መድን አብሮት ይመጣል፤ እሱ የሚሠራው ሳውዲ ውስጥ ለድንገተኛ ብቻ ነው፣ ለሼንገን ማመልከቻ አይቀርብም። ለሼንገን የገዛችሁትም ሳውዲን የማያካትት ሊሆን ስለሚችል አንዱ የሌላውን ቦታ ይሞላል ብለው አያስቡ።

ከመነሳታችሁ በፊት ከእናትዎ ሐኪም በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ያጽፉ፦ ሕመሞቻቸው፣ የመድኃኒቶቹ ሳይንሳዊ ስምና መጠን፣ የቅርብ የስኳርና የግፊት ልኬት። ይህ ወረቀት ለመድን ሰጪው፣ ለአየር ማረፊያውና ለጀርመኑ ሐኪም ያገለግላል። መድኃኒቱ የ60 ቀኑን አልፎ የሁለት ሳምንት ትርፍ ይኑረው። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ በጭነት ክፍሉ ቅዝቃዜ ሊረጋ ይችላል፣ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። ጠዋፍ (ካዕባን መዞር) ላይ ጫማ ስለማይኖራቸው ሲጨርሱ እግራቸውን ቢያዩላቸው መልካም ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ሲቆስል ላይሰማው ይችላል።

በውሉ ወረቀት ላይ 24 ሰዓት የሚሠራ የእርዳታ ስልክ አለ፤ እህትዎ ዛሬውኑ ስልኳ ላይ ትመዝግበው። ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ጀርመን ውስጥ መጀመሪያ 112፣ ሳውዲ 997 ይደወላል፤ ከዚያ ወዲያው ለመድን ሰጪው። ለሌላ ሕመም ግን ሐኪም ቤት ከመግባት በፊት ደውላችሁ የጉዳይ ቁጥር ተቀበሉ፤ ሳይነገራቸው የገባን ሰው ወጪ አንከፍልም የሚሉ ውሎች አሉ። የሐኪሙ ሪፖርትና የከፈላችሁበት ደረሰኝ ዋናው እጃችሁ ላይ ይቅር፤ ካሳው የሚጠየቀው በእነሱ ነው።